አሰላ ላይ የተስተካከለ ሞተር መተሃራ ሲወርድ

ከአዳማ ተነስቶ ወደ አሰላ የሚወጣ የሚኒባስ ሾፌር መልካሳ ላይ አዋሽን ሲሻገር ሞተሩ ገና እንደልቡ ነው። ዴራን ካለፈ በኋላ መንገዱ ቀና ማለት ይጀምራል። ኢተያ ሲቃረብ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ግራና ቀኙ የስንዴና የገብስ ማሳ ይሆናል፤ በአራተኛ ማርሽ ሲሄድ የቆየው መኪና ሦስተኛ ይለምናል። ቁሉምሳን አልፎ አሰላ ሲገባ የሚኒባሱ ሾፌር ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦም የጠበቀውን አያገኝም። «ዳገቱ ነው» ይላል ረዳቱ። ዳገትማ አለ። ነገር ግን ያው መኪና አሰላ ከተማ ውስጥ ሜዳ ላይ ቢነዳም መልካሳ ላይ የነበረውን ጉልበት አያገኝም።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያለው ከባሕር ጠለል በላይ 1,550 ሜትር ላይ ነው፤ የቁሉምሳው 2,200 ሜትር ላይ። አሰላ 2,430 ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ በቆጂ 2,800 አካባቢ። ጅቡቲ ወደብ ላይ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት መልካሳ ሲደርስ ወደ 84፣ አሰላ ሲደርስ ወደ 75፣ በቆጂ ሲደርስ ወደ 72 ይወርዳል። አሰላ ላይ የሚሠራ ሞተር በአንድ ዙር የሚስበው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው አቻው በሩብ ያህል ያንሳል ማለት ነው። መቶ የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ የተሸጠ መኪና እዚህ የሚሠራው ሰባ አምስት ገደማውን ይዞ ነው። የበቆጂ ሯጭ ሰውነት በስስ አየር ውስጥ ሲኖር ቀይ የደም ሕዋሱን እያበዛ ይለምደዋል። ሞተር እንዲህ ያለ ጸጋ የለውም፤ የጎደለውን አየር ከየትም አያመጣም።

ከፋብሪካ እንደወጣ ላለ ዘመናዊ መኪና ይህ ከጉልበት ማነስ ያለፈ ጣጣ የለውም። ኮምፒዩተሩ የአየሩን ማነስ አይቶ ቤንዚኑን በልኩ ይቀንሳል። ነገሩ የሚወሳሰበው የሰው እጅ ሲገባበት ነው፦ ሞተር ሲቀየር፣ ትልቅ ኢንጀክተር ሲታሰር፣ ቱርቦ ሲጨመር፣ ማርሚታ ሲከፈት። ያን ጊዜ ባለመኪናው «ቱን ይደረግልኝ» ብሎ ይመጣል። ከየት ይጀመር? የቱ መሣሪያ ይገዛ? እዚህ ደጋ ላይ የተሰጠው መልስስ መኪናው ቆላ ሲወርድ ይሠራል? የመጨረሻውን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው አላጋጠመኝም፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

## ኮምፒዩተሩ አየሩን እንዴት ያውቃል?

ካርቡራተር ቤንዚን የሚሰጠው በቀዳዳ ስፋት ነው፤ ቀዳዳው ደግሞ ቆላና ደጋ አይለይም። ቆላ ላይ በልኩ የሠራው ካርቡራተር ደጋ ሲወጣ አየሩ ሲሳሳበት ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሚኒሞው ይረበሻል፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን በማርሚታ ይወጣል። መፍትሔው ቀዳዳውን በጠበበ መቀየር፣ ቆላ ሲወረድ መልሶ ሰፊውን ማሰር ነበር።

ኢንጀክሽን ይህን የፈታው አየሩን በመለካት ነው። የጀርመኑ ቦሽ ዲ-ጄትሮኒክ የተባለውን ኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ በቮልስዋገን 1600 ላይ ያወጣው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት አሰላ ላይ በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ሥራ ጀመረ። ትራክተርና ኮምባይነር የአርሲን ስንዴ ማሳ በስፋት የለመዱት በዚያ ዘመን ነውና ይህ አካባቢ ከሞተርና ከመካኒክ ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ ነው። ዛሬም በኅዳርና በታኅሣሥ የአዝመራው ወቅት ሲደርስ የአሰላ ጋራዦች ፋታ የላቸውም።

የቦሽ መሣሪያ ኢንጀክተሩን የሚያዝዘው በአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ውስጥ ያለውን ግፊት እየለካ ነበር። አሁንም አንዱ መንገድ ይኸው ነው፤ ሴንሰሩም ማፕ ይባላል። ሌላው ማፍ የሚባለው ሲሆን የሚገባውን አየር በክብደቱ ይለካል። ማፍ ላለው መኪና አሰላም መተሃራም አንድ ነው፤ ያገኘውን ያህል አየር ለኮምፒዩተሩ ይነግረዋል። የጭስ ማውጫው ላይ የተተከለው የኦክስጅን ሴንሰር ደግሞ የተቃጠለውን አይቶ «በዝቷል» ወይም «አንሷል» እያለ ያሳርማል። ለንጹሕ ቤንዚን ልኩ በክብደት 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን ነው።

ሙሉ ጉልበት ሲፈለግ ግን ልኩ ወደ 12.5 ወይም 13 ዝቅ ይላል። ጨመር ያለው ቤንዚን ሞተሩን ያበርዳል፣ ከማንኳኳትም (ድብልቁ ያለ ጊዜው በራሱ ከመንደዱ) ይጠብቀዋል። የተለመደው የኦክስጅን ሴንሰር ይህን መለካት አይችልም፤ የሚያውቀው ከ14.7 በላይና በታች መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ አብዛኛው የፋብሪካ ኮምፒዩተር የሴንሰሩን ምክር ትቶ በውስጡ በተጻፈው ሠንጠረዥ ይሄዳል። ሠንጠረዡ የተጻፈው ግን ለፋብሪካው ሞተር ነው። የተሻሻለ ሞተር ፒስቶኑን የሚያቀልጠው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ በሚኒሞ ወይም በቀስታ ጉዞ ላይ ሆኖ አይደለም።

## ሞተር የሚቀየረው ለምንድን ነው?

ስለ ቱኒንግ ሲወራ ብዙ አንባቢ የሚያስበው በጩኸት የሚበርሩ የአዲስ አበባ ወጣቶችን ነው። በአርሲ መንገዶች ላይ የማየው ሰው ሌላ ነው። መኪናውን ማጣት የማይችል ነጋዴ፣ ገጠር ለገጠር የሚዞር ባለሙያ፣ ቤተሰቡን በአንዲት አሮጌ ኮሮላ የሚያስተዳድር አባወራ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ የበቆጂ ከፍታ አይሰማውም፤ ለደጋ አገር ትልቅ በረከት ነው። ግን ባለ አሮጌዋ ኮሮላ ነገ ጠዋት ኤሌክትሪክ መኪና አይገዛም። ያለችውን ያሳድሳል፣ ወይም ሞተር ይቀይርላታል።

ሞተሩ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ የሚደረገው የመጀመሪያው ውሳኔ በኋላ የሚመጣውን ቱኒንግ ሁሉ ይወስነዋል፤ ገዢው ግን ይህን ያኔ አያውቀውም። ሻጩ «ሞተሩን ብቻ ነው ወይስ ከነኮምፒዩተሩ ከነሽቦው?» ብሎ ይጠይቃል። ከነሙሉ ዕቃው ሲሆን ዋጋው ከበድ ይላል። ብዙው ሰው ሞተሩን ብቻ ጭኖ ይመለስና አሰላ ሲደርስ ለሞተሩ የማይሆን ኮምፒዩተር፣ የተቆራረጠ ሽቦ፣ ከሌላ መኪና የተነቀለ ሴንሰር ይገጣጠምለታል። መካኒኮች ይህን በምሬት ይናገራሉ። ሶማሌ ተራ ላይ የዳነችው ገንዘብ አሰላ ላይ እጥፍ ሆና ትወጣለች ይላሉ፤ ልክ ናቸው።

> ሶማሌ ተራ ላይ የዳነችው ገንዘብ አሰላ ላይ እጥፍ ሆና ትወጣለች።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ፦ የተቀየረው ሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ መስተካከል አለበት። ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ወይም መኪናው ሲሸጥ ቁጥሩ ካልገጠመ የሚከተለው መጉላላት ከማንኛውም የቱኒንግ ወጪ ይከብዳል።

## «75 ይላል፤ ተበላሽቷል እንዴ?»

አሰላ መውጫ ላይ ካሉት ጋራዦች በአንዱ፣ ኢንጀክሽን ሞተር የገባላት አንዲት ኮሮላ ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። ባለቤቷ በሳጉሬና በአሰላ መካከል እህል የሚነግድ ሰው ነው። ቅሬታው ግልጽ ነው፦ ቤንዚን ትጨርሳለች፣ ጠዋት ጠዋት ትንተባተባለች፣ ዳገት ላይ ትለግማለች። መፍትሔውንም ይዞ ነው የመጣው። የሚሰካ ትንሽ የቱኒንግ ሳጥን በስልኩ አይቷል፤ «ይህን አምጥተህ እሰርልኝ» ይላል።

መካኒኩ ስለ ሳጥኑ ምንም አላለም። ስካነሩን ሰካ፣ ቁልፉን ከፈተ፣ ሞተሩን ግን አላስነሳም። ተለማማጁ ልጅ ስክሪኑን አይቶ ደነገጠ።

«ጋሼ፣ ማፑ 75 ይላል፤ ተበላሽቷል እንዴ?»

«አልተበላሸም። ሞተሩ ሳይነሳ ሴንሰሩ የሚያነበው የአገሩን አየር ነው። እዚህ ሆኖ 100 ቢልህ ነበር መፍራት ያለብህ።»

ይህን ማንኛውም ባለመኪና ሊያስደርገው ይችላል። ማፕ ያለው መኪና ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ አሰላ ላይ 75 አካባቢ፣ በቆጂ ላይ 72 አካባቢ ማንበብ አለበት። ከዚያ በጣም ከራቀ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ይዋሻል፤ በሚዋሽ ሴንሰር ላይ ደግሞ ምንም ዓይነት ቱኒንግ አይሠራም።

ሞተሩ ተነሳና ሞቀ። አሁን መካኒኩ የሚያየው ኮምፒዩተሩ በራሱ የሚያደርገውን የነዳጅ እርማት ነው። በሚኒሞ ላይ ከሃያ በመቶ በላይ ቤንዚን እየጨመረ ነው። ነዳጁን ሰጥቶ ሞተሩን ከፍ ሲያደርገው እርማቱ ወደ አምስት ወረደ። «አየር ትስባለች» አለ፤ ካርቡራተር ማጠቢያውን ይዞ በማኒፎልዱ ዙሪያ ጥቂት ጥቂት ረጨ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ከማኒፎልዱ ወደ ፍሬን የሚሄደው ጎማ ተሰንጥቋል። በሚኒሞ ጊዜ የሚገባው አየር ጥቂት ስለሆነ ስንጥቁ የሚያስገባው ትርፍ አየር ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው። ሞተሩ ከፍ ሲል ግን ዋናው አየር ስለሚበዛ የስንጥቁ ድርሻ ይጠፋል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ማለትም እርማቱ በጭነት ጊዜ ቢበዛ ኖሮ፣ መካኒኩ የሚሄደው ወደ ቤንዚን ፖምፓውና ወደ ፊልትሮው ነበር።

ነጋዴው ሳጥኑን ሳይገዛ ሄደ። ደንበኛ ወደ ሌላ ጋራዥ እንዳይሄድበት ብሎ የጠየቀውን ሳጥን ዝም ብሎ የሚያስር መካኒክ አለ፤ በዚያ የሚጎዳው ቀድሞውንም ብር ቆጥሮ የመጣው ሰው ነው። ለቱኒንግ ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው ጥገና መሆኑን ደፍሮ የሚናገር መካኒክ ክብር ይገባዋል።

## የትኛው ይመረጥ?

ጥገናው ሁሉ ተጠናቆ፣ ሞተሩ በእርግጥም የተለወጠ ከሆነስ? ያን ጊዜ ምርጫው እውነተኛ ይሆናል።

ከነኮምፒዩተሩና ከነሽቦው የገባ ሞተር፣ ማርሚታው ቢከፈትም የአየር ፊልትሮው ቢቀየርም፣ የራሱ የፋብሪካ ኮምፒዩተር ይበቃዋል። በደጋ ላይ ከፋብሪካው መሐንዲስ የተሻለ የቀዝቃዛ ጠዋት አነሳስ የሚጽፍ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። የአሰላ የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ቀላል አይደለም፤ በሰው እጅ የተጻፈ ሠንጠረዥ መጀመሪያ የሚፈተነውም እዚያ ነው። እንግዲህ ለዕለት ሥራ መኪና የምመክረው ይህን ነው፦ ሙሉውን ግዛ፣ ሙሉውን እሰር፣ አትነካካው።

የፋብሪካውን ኮምፒዩተር ከፍቶ ሠንጠረዡን እንደገና መጻፍ፣ ፍላሽ ማድረግ የሚባለው፣ ለሚቀበል መኪና ጥሩ መንገድ ነው። ሴንሰሮቹ፣ አነሳሱ፣ ሚኒሞው እንዳሉ ይቀራሉ፤ የሚለወጠው መለወጥ ያለበት ብቻ ነው። ችግሩ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ኮምፒዩተራቸው በቀላሉ የማይጻፍበት መሆኑ ነው። ሌላው አደጋ በፍላሽ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ፋይል ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ፣ በሌላ ቤንዚን፣ ለሌላ መኪና የተጻፈ ፋይል «ዱባይ ላይ ተሞክሯል» ተብሎ ይጫናል። ዱባይ የባሕር ወደብ ናት፤ እዚያ መሞከሩ አሰላ ላይ ምንም አያረጋግጥም።

በፋብሪካው ኮምፒዩተርና በሴንሰሩ መካከል ገብቶ ምልክቱን የሚለውጠው ተደራቢ ሳጥን ርካሽ ስለሆነ ገበያው ላይ ይወደዳል። እኔ አልወደውም። ምክንያቱም ቤንዚን ለመቀነስ ሲፈለግ ሳጥኑ ለኮምፒዩተሩ «የገባው አየር ትንሽ ነው» ብሎ ይዋሸዋል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ የአየሩን መጠን የሚጠቀምበት ለቤንዚኑ ብቻ አይደለም፤ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜም የሚወስነው በዚያው ነው። አየሩ ትንሽ ነው ሲባል እሳቱን ያስቀድማል። ቤንዚን ቀነሰ፣ እሳት ቀደመ፤ ሁለቱም ሞተሩን ወደ ማንኳኳት የሚገፉ ናቸው። በቀስታ ጉዞ ላይ ደግሞ የኦክስጅን ሴንሰሩ ውሸቱን ያገኘውና ኮምፒዩተሩ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ገንዘቡ ወጣ፣ ጥቅሙ ጠፋ፣ አደጋው ቀረ።

> ቤንዚን ቀነሰ፣ እሳት ቀደመ፤ ሁለቱም ሞተሩን ወደ ማንኳኳት የሚገፉ ናቸው።

ኮምፒዩተር ለሌለው ሞተር፣ ቱርቦ ለተጨመረለት፣ ኢንጀክተሩ ለተለወጠ፣ ትክክለኛው መልስ ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር ነው። ሃልቴክ፣ ሊንክ፣ ሞቴክ የታወቁት ውዶቹ ናቸው። አሜሪካውያኑ ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሜጋስኩዊርት ባለመኪናው ራሱ በይዶ እንዲገጣጥመው የታሰበ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ስፒዱኒዮ ደግሞ አርዱዊኖ በተባለችው ርካሽ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ፣ ንድፉም ፕሮግራሙም ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው። ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ የአሰላ ወጣት ሊሠራው፣ ሲበላሽ ሊጠግነው የሚችለው ይህ ዓይነቱ ነው። በገንዘብ ሳይሆን በጥገና ካየነው ለእኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ውዱ መሣሪያ ሲቃጠል ወደ ውጭ ተልኮ እስኪመለስ መኪናው ግቢ ውስጥ ይቆማል።

እዚህ ላይ የደጋው ጉዳይ ይመጣል። ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር ስለ ከፍታ የሚያውቀው እንዲያውቅ ከተደረገ ብቻ ነው። ስሮትሉ (የአየር መግቢያው በር) ምን ያህል እንደተከፈተ ብቻ አይቶ ቤንዚን እንዲሰጥ የተደረገ ከሆነ፣ መልካሳ ላይ የተስተካከለው በቆጂ ሲደርስ አየሩ ከሰባት አንድ እጅ ያህል ስለሚያንስ ያንኑ ያህል ቤንዚን ያተርፋል። በማፕ የሚሠራው ከዚህ በጣም ይሻላል፤ ሆኖም የጭስ ማውጫው የውጭ ግፊትም ስለሚለወጥ ጥቂት እርማት ይፈልጋል። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች የአገሩን አየር የሚያነቡት ቁልፉ ሲከፈት አንድ ጊዜ ነው። መልካሳ ላይ ተነስቶ ሞተሩን ሳያጠፋ በቆጂ የገባ መኪና እስከ መጨረሻው የሚያስበው መልካሳ ላይ ያለ መስሎት ነው። መፍትሔው የውጭውን አየር ብቻ ሁልጊዜ የሚያነብ ሁለተኛ ሴንሰር ማሰር ነው። ሜጋስኩዊርትም ስፒዱኒዮም ይህን ይቀበላሉ፤ ዋጋውም ከጠቅላላው ሥራ አንጻር ትንሽ ነው። በአርሲ ለሚነዳ መኪና ግዴታ ነው እላለሁ።

## ቁልቁለቱ

ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ መፈራት ያለበት ግን ቁልቁለቱ ነው።

የነዳጁን ሠንጠረዥ አስቡት። በአንድ በኩል የሞተሩ ዙር፣ በሌላ በኩል የማኒፎልዱ ግፊት ከ20 እስከ 100 ኪሎ ፓስካል ተደርድሯል። ማስተካከል ማለት መኪናው በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሲያልፍ ሰፊ የመለኪያ ክልል ባለው የኦክስጅን ሴንሰር ድብልቁን እየለኩ ቁጥሩን ማረም ነው። አሁን ይህን ሥራ አሰላ ላይ የሚሠራ ሰው ምን ያጋጥመዋል? ቱርቦ የሌለው ሞተር ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተረግጦም ከ75 በላይ ግፊት አያይም፤ በአገሩ ያለው አየር በቃ ያ ነው። የ80፣ የ90፣ የ100 ረድፎች ሳይነኩ ይቀራሉ። አስተካካዩ ሥራውን ጨርሶ፣ ባለመኪናው ተደስቶ፣ መኪናው አሰላ ላይ እንደ ሰዓት እየሠራ ይሰነብታል።

አንድ ቀን ባለመኪናው በአዳማ አድርጎ መተሃራ ይወርዳል። መተሃራ ከፍታው 950 ሜትር ገደማ፣ ግፊቱ 90 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ሙቀቱ ከባድ ነው። የጭነት መኪና ለመቅደም ነዳጁን ሲረግጥ ሞተሩ ማንም ያላረመው ረድፍ ውስጥ ይገባል። እዚያ የተጻፈው ቁጥር ግምት ነው። ቤንዚኑ ካነሰ ድብልቁ ይሳሳል። እሳቱም እንደዚሁ፦ አሰላ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ አያንኳኳምና አስተካካዩ እሳቱን እያስቀደመ ጉልበት ሲፈልግ ቆይቷል፤ ያ የቀደመ እሳት በቆላ ጥቅጥቅና ሙቅ አየር ውስጥ ሲገባ ያንኳኳል። የሬዲዮው ድምፅ ከፍ ያለ ከሆነ ሾፌሩ አይሰማውም። ከዚያ የሚቀጥለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ወይም ፒስቶን ነው።

> የ80፣ የ90፣ የ100 ረድፎች ሳይነኩ ይቀራሉ። መኪናው ቆላ ሲወርድ የሚገባው እነዚያ ውስጥ ነው።

ጥንቁቅ አስተካካይ ይህን ያውቃል። የላይኞቹን ረድፎች ከ75ቱ ረድፍ አካሄድ ተነስቶ ቤንዚን አትርፎ፣ እሳቱን አዘግይቶ ይሞላቸዋል። ከዚያ ባለመኪናውን «መልካሳ ወርደን እናያታለን» ይለዋል፤ እዚያ 84 ይገኛል። ሥራው በእውነት የሚያልቀው ቆላ ላይ ነው። አሰላ ላይ ብቻ ተሠርቶ «አለቀ» የተባለ ቱኒንግ አላለቀም።

## የሕዝብ መንገድ

ሞተርን በሙሉ ጉልበት የሚፈትሸው ዳይኖ ሲጠፋ ሥራው ወደ መንገድ ይወጣል፤ ይህ ያሳስበኛል። ከኢተያ እስከ አሰላ ያለው መንገድ የገበሬው የጋሪ መንገድም፣ የተማሪው የእግር መንገድም፣ የከብቱ መሻገሪያም፣ ማለዳ ላይ የሯጩ መለማመጃም ነው። ላፕቶፕ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቁጥር እያየ የሚነዳ ሰው እዚያ ቦታ የለውም። ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ የሚነዳና የሚያይ። ከዚያም የሚሻለው መረጃውን መቅዳት ብቻ ነው፤ ንባቡ ይመዘገባል፣ መኪናው ይቆማል፣ እርማቱ ቆሞ ይደረጋል። ረጅሙ ዳገት ራሱ ይረዳል፤ ሞተሩን ያለ ብዙ ፍጥነት በከባድ ጭነት ያሠራዋልና በሦስተኛ ማርሽ በመጠኑ ፍጥነት እየወጡ ብዙ ሳጥን መሙላት ይቻላል። ሙሉ ነዳጅ ተረግጦ በከፍተኛ ዙር የሚደረገው ፍተሻ ግን በሕዝብ መንገድ ላይ መደረግ የለበትም፤ ለዚህ ሰበብ የለም።

## ናፍጣና ቱርቦ

ስለ ናፍጣ በአጭሩ። በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠሩት አሮጌ ሞተሮች አሰላ ላይ የሚያጨሱት ፖምፓው ለአየሩ ከሚገባው በላይ ናፍጣ ስለሚሰጥ ነው። አንዳንዶቹ ፖምፖች ከፍታ ሲጨምር ናፍጣ የሚቀንስ ክፍል ከፋብሪካ ተገጥሞላቸዋል፤ እሱ ተበላሽቶ ከሆነ ፖምፓ ቤት ሄዶ ማስጠገን ነው። በአዲሶቹ ኮመን ሬይል ሞተሮች ላይ ጉልበት ለመጨመር የሚደረገው ፍላሽ ግን በደጋ ላይ ቱርቦውን ያስጨንቀዋል። ቱርቦው ባሕር ጠረፍ ላይ የሚሰጠውን ግፊት አሰላ ላይ ለመስጠት ከስስ አየር ተነስቶ በጣም በፍጥነት መሽከርከር አለበት። በዚያ ላይ ተጨማሪ ግፊት ከተጠየቀ ከአቅሙ በላይ ይዞራል። ለቤንዚን ቱርቦም ሕጉ ይኸው ነው፤ የባሕር ጠረፍን ሙሉ ጉልበት ደጋ ላይ ለማግኘት የሚሞክር ሰው ቶሎ ቶሎ ቱርቦ መግዛቱን ይልመደው።

ቤንዚኑም ራሱ አይዘንጋ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ 5 በመቶ፣ ከ2003 ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የተሸጠበት ጊዜ ነበር። በእንዲህ ያለው ነዳጅ ልኩ ከ14.7 ወደ 14.1 ገደማ ይወርዳል፤ ሞተሩ በጥቂት በመቶ የበዛ ቤንዚን ይፈልጋል። የኦክስጅን ሴንሰሩ የሚሠራ መኪና ይህን ራሱ ያርመዋል። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠው፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቀው ቤንዚን ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ስለዚህ «ሴንሰሩን ነቅለን እንዝጋው፣ ችግር ብቻ ነው» የሚልን ሰው አትስሙት። በማይታመን ነዳጅ ለሚነዳ ሰው ያ ሴንሰር የሞተሩ ዘብ ነው።

## ሒሳቡ ከመዘጋቱ በፊት

ራሱን በቻለ ኮምፒዩተር የተሠራ መኪና ባለቤት የሆኑ ሰዎች የሚያነሱት ትልቁ እሮሮ የጉልበት ማነስ አይደለም። መኪናቸውን ከሠራው ሰው በቀር ሊነካው የሚችል አለመኖሩ ነው። ያ ሰው አዲስ አበባ ይገባል፣ ወይም ውጭ አገር ይሄዳል፣ ወይም ስልክ አያነሳም። የሽቦው ንድፍ በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ፋይሉ በእሱ ላፕቶፕ ውስጥ፣ በእሱ የይለፍ ቃል ተቆልፏል። መኪናው ግን የእናንተ ነው።

አሰላ ውስጥ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የግብርና ምሕንድስና ምርምር ማዕከል አለ፣ በእጃቸው የማይፈቱት ብሎን የሌለ መካኒኮች አሉ። እነዚህ ተገናኝተው አንድ ሰፊ ክልል የሚለካ የኦክስጅን መለኪያና አንድ ጥሩ ስካነር በጋራ የሚጠቀሙበት ቦታ ቢኖር፣ ባለመኪናው በግምት የሚያወጣው ገንዘብ ይቀንስ ነበር። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ይህን ካነበበ እባክዎ ይጀምሩት።

ባለመኪናዎች ሆይ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት እነዚህን ተቀበሉ፦ የማስተካከያውን ፋይል ከነይለፍ ቃሉ፣ የእያንዳንዱን ሽቦ መነሻና መድረሻ የሚያሳይ በወረቀት የተሳለ ንድፍ፣ ከአሰላም ከመልካሳም የተቀዳ የድብልቁ ንባብ። ንድፉን ከሊብሬያችሁ ጋር አስቀምጡት። ይህን አልሰጥም የሚል አስተካካይ ሥራውን አልጨረሰምና ቀሪውን ገንዘብ አትክፈሉት።